ሃርድዌር ሬድ በሊኑክስ ዎርክስቴሽን

ሃርድዌር ሬድ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዲስኮችን በአንድ ልዩ ካርድ አማካኝነት አቀናጅቶ ለኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ዲስክ የሚያቀርብ የመረጃ ማከማቻ ዘዴ ነው። ካርዱ ሬድ ኮንትሮለር ይባላል። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ እና የራሱ ፈርምዌር ስላለው በኮምፒዩተር ውስጥ እንደተቀመጠ ሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር ሊታይ ይችላል። ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርዱ በመሆኑ ሊኑክስ ከካርዱ ጀርባ አራት ይሁን ስምንት ዲስክ መኖሩን በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው ካርዱ ያሳየውን አንድ ምናባዊ ዲስክ ብቻ ነው።

ዘዴው በመጀመሪያ የሰርቨሮች ነበር። ሆኖም የቪዲዮ ቅንብር፣ የካርታና የሳተላይት ምስል ሥራ፣ ወይም ትልልቅ የምርምር ዳታ የሚካሄድባቸው ዎርክስቴሽኖችም ይጠቀሙበታል። በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዲስክ ሲበላሽ የወራት ሥራ ሊጠፋ ይችላል፤ ሬድ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በትክክል ያልተዋቀረ ሬድ ከአንድ ተራ ዲስክ የባሰ አደጋ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ስያሜውና አመጣጡ

ሬድ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ቃሉን ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናታዊ ጽሑፍ ነው። በዚያን ጊዜ ትልልቅ ድርጅቶች ለዋና ኮምፒዩተሮቻቸው አንድ ግዙፍና ውድ ዲስክ ይገዙ ነበር። ሦስቱ ተመራማሪዎች ለግል ኮምፒዩተር የሚሠሩ ትንንሽና ርካሽ ዲስኮችን በብዛት ማቀናጀት ይሻላል ብለው ተከራከሩ። እንቅፋቱ ግልጽ ነበር፤ የዲስኮቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸቱ ዕድልም ይጨምራል። ስለዚህ ከመረጃው ጋር ተጨማሪ ማካካሻ መረጃ መጻፍ ግዴታ ሆነ። ሐሳቡ ግን ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ተመሳሳይ አሠራር በአይቢኤም ኩባንያ ስም እ.ኤ.አ. በ1978 የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር።

በምህጻረ ቃሉ ውስጥ ያለው ሦስተኛ ፊደል መጀመሪያ «ርካሽ» ለማለት የገባ ሲሆን በኋላ «ራሱን የቻለ» በሚል ተተክቷል። ውድ ካርድ ለሚሸጡ አምራቾች የመጀመሪያው ትርጉም ሳይጎረብጣቸው አልቀረም።

ደረጃዎቹ

የ1988ቱ ጽሑፍ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ደረጃዎች ዘርዝሯል፤ 0 እና 6 ኋላ የተጨመሩ ናቸው። ዛሬ በዎርክስቴሽን ላይ የሚያጋጥሙት 0፣ 1፣ 5፣ 6 እና 10 ናቸው። ደረጃ 2፣ 3 እና 4 ከታሪክ በቀር እምብዛም አይገኙም።

ሬድ 0 መረጃውን እየቆራረጠ በዲስኮቹ ላይ ያከፋፍላል። ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ መከላከያ ግን የለውም። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሁሉም ይጠፋል። ሬድ 1 ደግሞ አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል። ሬድ 10 የሁለቱ ጥምረት ነው፤ ዲስኮች በጥንድ በጥንድ አንዱ የሌላው ቅጂ ሆነው፣ መረጃው በጥንዶቹ መካከል ይከፋፈላል።

ሬድ 5 እና 6 የሚሠሩት ፓሪቲ በሚባል ስሌት ነው። ስሌቱን በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው ዲስክ ላይ 1011፣ በሁለተኛው ላይ 0110 ተጽፏል እንበል። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለቱ ቁጥሮች ከተመሳሰሉ 0፣ ከተለያዩ 1 ይጻፋል። ውጤቱ 1101 ይሆናል፤ ይህ በሦስተኛው ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ዲስክ ቢቃጠል ያንኑ ስሌት በ1011 እና በ1101 ላይ መድገም ይበቃል፤ የጠፋው 0110 ተመልሶ ይወጣል። ሬድ 5 አንድ ዲስክ የሚያህል ቦታ ለፓሪቲ ይወስዳል፤ አንድ ዲስክ ቢበላሽም ይቋቋማል። ሬድ 6 ሌላ ዓይነት ስሌት ጨምሮ የሁለት ዲስክ ቦታ ይወስዳል፤ ማናቸውም ሁለት ዲስኮች ቢበላሹ መረጃው አይጠፋም።

እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑ አራት ዲስኮች ያሉት ሰው በሬድ 5 የሚያገኘው 12 ቴራባይት ሲሆን፣ በሬድ 6 ወይም በሬድ 10 ደግሞ 8 ቴራባይት ነው። 12 ከ8 ስለሚበልጥ ብዙ ጀማሪዎች ሬድ 5ን ይመርጣሉ። ምርጫው በትልልቅ ዲስኮች ላይ አደገኛ ነው። ምክንያቱ ደግሞ በሂሳብ ይታያል፦ ከአራቱ አንዱ ሲበላሽ መልሶ ለመገንባት የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ሙሉ በሙሉ፣ ማለትም 12 ቴራባይት ማንበብ ያስፈልጋል። የብዙ ተራ ዲስኮች መግለጫ ደግሞ በእያንዳንዱ 100 ትሪሊዮን ቢት፣ ማለትም በ12.5 ቴራባይት ንባብ፣ እስከ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም እንደሚችል ይናገራል። በተግባር ዲስኮች ከመግለጫቸው የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን መከላከያው ቀድሞ ባለቀበት ሰዓት በዚህ ዕድል ላይ መተማመን አያዋጣም።

በሬድ 6 እና በሬድ 10 መካከል ያለው ምርጫ በሥራው ዓይነት ይወሰናል። በአራት ዲስኮች ሬድ 10 አንድ ዲስክ ከተበላሸ በኋላ ከቀሩት ሦስት ውስጥ ጥንዱ የሆነው ቢከተል መረጃው ይጠፋል፤ ሬድ 6 ግን ማንኛቸውም ቢከተሉ ይቋቋማል። በሌላ በኩል ትንንሽ ጽሕፈት ለሚበዛበት ሥራ፣ ለምሳሌ ለዳታቤዝ፣ ሬድ 10 ይፈጥናል። በሬድ 10 አንድ ትንሽ ጽሕፈት ሁለት የዲስክ ሥራ ይጠይቃል፤ በሬድ 5 የቀድሞውን መረጃና የቀድሞውን ፓሪቲ አንብቦ አዲሶቹን መጻፍ ስለሚያስፈልግ አራት፣ በሬድ 6 ደግሞ ስድስት ይሆናል።

ሃርድዌር፣ ሶፍትዌር እና የይስሙላ ሬድ

ሊኑክስ ካርድ ሳያስፈልገው በከርነሉ ውስጥ ባለው ኤምዲ በተባለው ክፍል ሬድ መሥራት ይችላል። ይህን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኤምዲአድም ይባላል፤ የጻፈውም ኒል ብራውን ነው። የዛሬ ፕሮሰሰሮች የፓሪቲን ስሌት ያለችግር ስለሚሠሩ «ካርዱ ፕሮሰሰሩን ያሳርፋል» የሚለው የድሮ ምክንያት ብዙም አያስኬድም። ዜድኤፍኤስ ወይም ቢትሪኤፍኤስ የተባሉትን የፋይል ሲስተሞች ለመጠቀም የሚፈልግም ሃርድዌር ሬድ አያስፈልገውም። እነዚህ ስህተትን ራሳቸው ፈልገው የሚያርሙ በመሆናቸው እያንዳንዱን ዲስክ ያለ አማላጅ ማየት ይፈልጋሉ።

ታዲያ ካርዱ ለምን ይገዛል? ዋናው መልስ በባትሪ የተጠበቀው ካሽ ነው፤ ከታች ተብራርቷል። ሁለተኛው መልስ፣ አንዱ ዲስክ ቢበላሽም ኮምፒዩተሩ ያለምንም ልዩ ዝግጅት ቡት ማድረጉ ነው፤ ቡት ከማድረጉ በፊት ያለው ፈርምዌር የሚያየው አንድ ጤነኛ ዲስክ ብቻ ነውና።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ «ሬድ» የሚል ምርጫ በባዮስ ውስጥ ይገኛል። ይህ ግን በአብዛኛው ሃርድዌር ሬድ አይደለም፤ ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ነው፤ የተጠበቀ ካሽም የለውም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «የውሸት ሬድ» የሚል ስም አትርፏል። ሊኑክስ የኢንቴልን ዓይነት በኤምዲአድም በኩል ያነባል፤ ሆኖም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ አብሮ ካልተጫነ በስተቀር በቀጥታ ኤምዲአድምን መጠቀም ይቀላል።

ካሽና መብራት መጥፋት

ኮንትሮለሩ ጽሕፈትን በሁለት መንገድ ያስተናግዳል። በራይት ስሩ አሠራር መረጃው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ድረስ «ተጽፏል» አይልም። በራይት ባክ አሠራር ግን መረጃው ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ እንደገባ «ተጽፏል» ብሎ ለሊኑክስ ይመልስና ዲስኩ ላይ ኋላ ያደርሰዋል። ሁለተኛው እጅግ ፈጣን ነው፤ በተለይ ለሬድ 5 እና 6። ነገር ግን በዚህ መሐል መብራት ቢጠፋ በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሊኑክስ ደግሞ እንደተጻፈ ያምናል። ውጤቱ የተበላሸ ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሙሉው የፋይል ሲስተም አልከፈት ሊል ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው ባትሪ ነው። የቀድሞዎቹ ካርዶች መብራት ሲጠፋ ሜሞሪውን ለተወሰነ ጊዜ በባትሪ ያቆያሉ። አዳዲሶቹ ደግሞ በሱፐር ካፓሲተር ጥቂት ኃይል ይዘው፣ መብራቱ በጠፋ ቅጽበት የሜሞሪውን ይዘት በካርዱ ላይ ወዳለ ፍላሽ ይገለብጣሉ። ፍላሹ ኃይል ሳያስፈልገው መረጃውን ይይዛል፤ መብራቱ ሲመለስ ካርዱ ያቆየውን ዲስኮቹ ላይ ይጽፋል። እንደ ኢትዮጵያ መብራት በድንገት በሚቋረጥበትና መልሶም በሚመላለስበት አገር ይህ ዕቃ ከካርዱ ፍጥነት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ከካርዱ ተለይቶ ስለሚሸጥ፣ ያገለገለ ካርድ ሲገዛ አለመኖሩ ወይም ማርጀቱ የተለመደ ነው።

ካርዱ ባትሪው እንደደከመ ሲያውቅ ወደ ራይት ስሩ በራሱ ይመለሳል። ተጠቃሚው «ኮምፒዩተሩ በድንገት ቀርፋፋ ሆነ» ብሎ ሲያማርር መጀመሪያ መታየት ያለበት የባትሪው ሁኔታ ነው። በማዋቀሪያው ውስጥ «ሁልጊዜ ራይት ባክ» የሚል ምርጫም ይገኛል፤ ይህ ባትሪ ባይኖርም ካሹን ተጠቀም ማለት ነው። ፍጥነቱን ለመመለስ ሲባል እሱን መምረጥ ካርዱ ያነሳውን የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ቀድዶ እንደ መጣል ነው። ዩፒኤስ መኖሩ ይረዳል፤ ባትሪውን ግን አይተካም፤ የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ ራሱ ቢቃጠል ዩፒኤሱ የሚያደርገው ነገር የለምና።

በዲስኮቹ ላይ ያለው የራሳቸው ካሽም አለ። የካርዱ ባትሪ እሱን አይጠብቀውም። ስለዚህ የዲስኮቹን ካሽ በካርዱ ማዋቀሪያ በኩል መዝጋት ይመከራል።

ካርድና ዲስክ መምረጥ

በሊኑክስ ላይ ካርድ የሚመረጠው በድራይቨሩ ነው። የሜጋሬድ ካርዶችን እና የዴል ፐርክ ካርዶችን አብዛኞቹን «ሜጋሬድ ሳስ» የተባለው ድራይቨር ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ለአዳፕቴክ «ኤኤሲሬድ»፣ ለኤችፒ ስማርት አሬይ «ኤችፒኤስኤ» አሉ። ሁሉም በከርነሉ ውስጥ ስላሉ በአብዛኛው ተጨማሪ ጭነት አያስፈልግም። ነገር ግን ድራይቨር በከርነሉ ምንጭ ውስጥ መኖሩና በአንድ ስርጭት ውስጥ ተካትቶ መምጣቱ ይለያያሉ። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 ሲወጣ በ7 ላይ ይሠሩ የነበሩ የድሮ ካርዶች ድራይቨሮች፣ የ3ዌር ካርዶች ጭምር፣ ተወግደው ነበር። ያንን ካርድ የያዘ ኮምፒዩተር አዲሱን ስሪት ሲጭን ዲስኮቹን ጨርሶ አያይም። ስለዚህ አሮጌ ካርድ ከመግዛት በፊት የስርጭቱን የተወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

የዎርክስቴሽን ሳጥን የሚያመጣው ሌላ ችግር ሙቀት ነው። ካርዶቹ የተሠሩት በሰርቨር ውስጥ ለሚነፍሰው ጠንካራ አየር ነው። ድምፅ እንዳያሰማ ተደርጎ በተሠራ ሳጥን ውስጥ የካርዱ ፕሮሰሰር ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ዲስኮችን ያለምክንያት ሊጥል ይችላል። በካርዱ ትይዩ አንድ ትንሽ ቬንትሌተር ማሰር ይበቃል።

ዲስኮቹም ለሬድ የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ብቻውን ሲሠራ ይህ መልካም ጠባይ ነው። ኮንትሮለሩ ግን ለጥቂት ሰከንድ መልስ ያጣበትን ዲስክ እንደሞተ ቆጥሮ ከድርድሩ ያስወጣዋል። ለሬድ የተሠሩ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሰከንድ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ስህተቱን ያሳውቃሉ፤ የጎደለውን ካርዱ ከሌሎቹ ዲስኮች ያሟላዋል።

አወቃቀሩ በምሳሌ

የሜጋሬድ 9361-8አይ ካርድን እንውሰድ። ካርዱ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ካሽ አለው፤ ሁለት መሰኪያዎች ሲኖሩት ከእያንዳንዱ አራት ጅራት ባለው ኬብል አራት ዲስኮች ይያያዛሉ። ሳስም ሳታም ዲስኮችን ይቀበላል።

ካርዱን ከመሰካት በፊት የየዲስኩን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከፊት ለፊቱ መለጠፍ ከሁሉ ይቀድማል። ሰርቨር ላይ የተበላሸውን ዲስክ የምታመለክት መብራት አለች፤ በተራ ሳጥን ውስጥ ግን የለችም። ከወራት በኋላ ካርዱ «ሦስተኛው ዲስክ ሞቷል» ሲል ሦስተኛው የቱ እንደሆነ የሚነግረው ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ኮንትሮልና አር የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን፣ ወይም በዩኢኤፍአይ ምናሌ በኩል፣ ወደ ካርዱ ማዋቀሪያ ይገባል። እዚያ ዲስኮቹ ተመርጠው ደረጃው ይወሰናል፤ ለአራት ዲስክ ሬድ 6 እንበል። ቀጥሎ የስትራይፕ መጠን ይመረጣል፤ ትልልቅ ፋይል ለሚበዛበት ሥራ 256 ኪሎባይት ጥሩ መነሻ ነው። የጽሕፈቱ አሠራር ራይት ባክ ይደረጋል፤ «ሁልጊዜ» የሚለው ሳይሆን ተራው። በመጨረሻ ድርድሩ ይዘጋጃል። ይህ ሥራ በዲስኮቹ ላይ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ያንኑ ሁሉ ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ ስቶርሲኤልአይ በተባለው የአምራቹ ፕሮግራም በተርሚናል መሥራትም ይቻላል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በሌላ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ መጫንና ድርድሩን ለመረጃ ብቻ መተው ይመረጣል፤ የድራይቨር ችግር ቢመጣ ኮምፒዩተሩ ቢያንስ ይነሳል። ሊኑክስ ሲነሳ ድርድሩ እንደ አንድ ዲስክ ይታያል። መጠኑ 8 ቴራባይት መሆን ሲገባው 7.28 ተብሎ ቢጻፍ ስህተት አይደለም፤ ፕሮግራሙ በ1000 ሳይሆን በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ነው። ከ2 ቴራባይት በላይ ስለሆነ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ የግድ ጂፒቲ መሆን አለበት፤ አሮጌው ኤምቢአር ከዚያ በላይ አይደርስም።

የፋይል ሲስተሙ ኤክስኤፍኤስ ወይም ኤክስት4 ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌር ሬድ ላይ የስትራይፑን ልክ ሊኑክስ ራሱ ያውቀዋል፤ ከካርድ ጀርባ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ስለማያውቅ ፎርማት ሲደረግ መንገር ያስፈልጋል። በዚህ ምሳሌ ለኤክስኤፍኤስ የስትራይፑ መጠን 256 ኪሎባይት፣ መረጃ የሚይዙት ዲስኮች ቁጥር 2 ነው፤ ከአራቱ ሁለት ያህሉ ለፓሪቲ ስለሚሄድ። በኤክስት4 ቁጥሩ በ4 ኪሎባይት ብሎኮች ስለሚሰላ 256 ለ4 ተካፍሎ 64 ይሆናል፤ በሁለት ዲስክ ሲባዛ 128። በመጨረሻ ድርድሩ ሲነሳ እንዲያያዝ በኤፍስታብ ፋይል ውስጥ በዩዩአይዲው ይመዘገባል። በዲስክ ፊደሉ መመዝገብ አይበጅም፤ ፍላሽ ተሰክቶ ቢነሳ ፊደሉ ሊቀያየር ይችላልና።

ዲስክ ሲበላሽ

ሬድ በደንብ ሲሠራ ብልሽቱን ይደብቃል። አንድ ዲስክ ሞቶ ተጠቃሚው ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲከተሉ ብቻ ይታወቃል። የካርዱ ማስጠንቀቂያ ድምፅ አለ፤ ግን ጩኸቱ ስለሚረብሽ ዘግተውት የሚረሱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የድርድሩን ሁኔታ በየቀኑ የሚያይና ለውጥ ሲኖር ኢሜይል የሚልክ አጭር ስክሪፕት ያስፈልጋል። የዲስኮቹን የጤና መረጃ ስማርትሲቲኤል በተባለው ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል፤ ከሜጋሬድ ካርድ ጀርባ ላሉ ዲስኮች ግን የካርዱ ዓይነትና የዲስኩ ቁጥር ካልተነገረው አያገኛቸውም። ካርዱ ዲስኮቹን በየጊዜው ዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ማዘዝም ይቻላል፤ የማይነበብ ቦታ በመልሶ ግንባታ ሰዓት ሳይሆን ቀድሞ እንዲገኝ ይረዳል።

የተበላሸው ዲስክ በአዲስ ሲተካ ካርዱ መልሶ ግንባታ ይጀምራል። 4 ቴራባይት በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ኮምፒዩተሩ ጎን ለጎን ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ ከዚያ በጣም ይረዝማል። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ዲስኮች አንድ ዓይነት ዕድሜ ስላላቸው ሌላው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው። ከመተካት በፊት ባክአፑ መኖሩን ማረጋገጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሬድ ራሱ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል፤ ቫይረስም፣ ሌባም፣ እሳትም ሁሉንም አንድ ላይ ይወስዳሉ። ቅጂው ከኮምፒዩተሩ ውጭ፣ ቢቻል ከሕንፃው ውጭ መሆን አለበት።

ካርዱ ራሱ ሲበላሽ

ኤምዲአድም የሠራውን ድርድር ማንኛውም ሊኑክስ ያለው ኮምፒዩተር ያነበዋል። የካርድን ድርድር ግን በአብዛኛው የዚያው ቤተሰብ ካርድ ብቻ ነው የሚከፍተው። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ማለት ዲስኮቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ሳለ ካርዱ ከውጭ አገር እስኪመጣ ሥራው ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ሁለተኛ ካርድ አብሮ መግዛት ቅንጦት የሚመስለው እስከዚያ ቀን ድረስ ነው።

በሜጋሬድ ካርዶች ላይ የድርድሩ አወቃቀር በዲስኮቹም ላይ ይጻፋል። ዲስኮቹ ወደ ሌላ ተስማሚ ካርድ ሲዛወሩ አዲሱ ካርድ የማያውቀው «የባዕድ አወቃቀር» እንዳገኘ ይናገርና ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንዱ መቀበል፣ ሌላው ማጽዳት ነው። መቀበል ድርድሩን እንደነበረ ይከፍተዋል። ማጽዳት ግን አወቃቀሩን ከዲስኮቹ ላይ ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ ካርዱ የሚያየው አራት ባዶ ዲስኮችን ነው። አዲስ ድርድር ፍጠር የሚለውን መምረጥም ከዚህ አይሻልም፤ በተለይ ዝግጅቱ ከተጀመረ። ሁለቱ ምርጫዎች በአንድ ምናሌ ላይ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ካርድ የቀየረ ሰው ቁልፍ ከመንካቱ በፊት በማያው ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት።